ብሬቭሊ ዲፎልት፦ ስለ ጠንካራና ደካማ ጎኖቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ብሬቭሊ ዲፎልትን ለመጀመር የሚያስቡ፣ ጀምረው መሀል ላይ የተዉት፣ ወይም ሲወደስና ሲወቀስ ሰምተው የትኛውን እንደሚያምኑ የቸገራቸው ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የታሪኩን ምሥጢር የሚያወጡ ሁለት ተከታታይ መልሶች ስላሉ በመጀመሪያው መግቢያ ላይ ለሁለቱም ማስጠንቀቂያ ተቀምጧል።

ብሬቭሊ ዲፎልት ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? የሠራውስ ማን ነው?

ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ የእጅ መጫወቻ የተሠራ የጃፓን አር.ፒ.ጂ፣ ማለትም የገጸ ባሕርያትን ሚና ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አራት ገጸ ባሕርያትን እየመራ ከከተማ ከተማ ይጓዛል፣ በየተራው ትእዛዝ እየሰጠ ይዋጋል፣ ከውጊያውም በሚያገኘው ልምድ ቡድኑን ደረጃ በደረጃ ያጠነክራል። የሠራው ሲሊከን ስቱዲዮ የተባለ የጃፓን ድርጅት ሲሆን በአገሩ ያሳተመው ስኩዌር ኢኒክስ ነው፤ ከጃፓን ውጭ ያከፋፈለው ግን ኒንቴንዶ ራሱ ነበር። በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኦክቶበር 11 ቀን 2012 ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ብዙ ነገሩ የታረመለት ሁለተኛ እትም በዚያው በጃፓን ታተመ፤ በዲሴምበር 2013 አውሮፓ፣ በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ አሜሪካ የደረሰው ይህ የታረመው እትም ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጫወተ ሰው ሁሉ የተጫወተው የተሻለውን ነው ማለት ነው።

ስሙ ይለይ እንጂ ሥሩ ፋይናል ፋንታሲ የተባለው የስኩዌር ኢኒክስ ዝነኛ ተከታታይ ጨዋታ ነው። የንፋስ፣ የውኃ፣ የእሳትና የምድር ክሪስታሎች፣ ነጭና ጥቁር አስማተኞች፣ ሰማይ ላይ የምትንሳፈፍ መርከብ፣ ሁሉም ከዚያ ቤት የተወረሱ ናቸው። የቅርብ ታላቁም በ2009 ለኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣ አንድ የፋይናል ፋንታሲ ቅርንጫፍ ሲሆን ሁለቱንም በአዘጋጅነት የመራው ቶሞያ አሳኖ ነው። በዚያ ወቅት ትልልቆቹ የጃፓን አሳታሚዎች የዓለምን ገበያ ለመያዝ ሲሉ በየተራ የሚደረገውን ውጊያ እየተዉ ነበር። ይህ ጨዋታ የድሮውን መንገድ ይዞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በመሸጡ የስኩዌር ኢኒክስ ኃላፊዎች ሐሳባቸውን እንደገና እንዲመረምሩ ምክንያት ሆኗል።

«ብሬቭ» እና «ዲፎልት» ምንድን ናቸው? ውጊያውስ ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

በተለመደው አር.ፒ.ጂ አንድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል፤ ይመታል፣ ያክማል ወይም ይከላከላል። እዚህ ግን ተራ እንደ ገንዘብ ነው፤ ይቆጠባል፣ ይበደራልም። «ዲፎልት» የሚለውን ትእዛዝ የተቀበለ ገጸ ባሕርይ በዚያ ዙር አይመታም፤ ራሱን ይከላከላል፣ የሚደርስበት ጉዳት ይቀንስለታል፣ ያልተጠቀመባት ተራም ቢፒ በተባለ ነጥብ ትጠራቀምለታለች። «ብሬቭ» ደግሞ የተጠራቀመውን አውጥቶ በአንድ ዙር እስከ አራት ጊዜ መሥራት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ምንም ያልቆጠበ ሰውም ቢሆን ብሬቭ ማለት መቻሉ ነው። ያን ጊዜ የሚመታው በዱቤ ነው፤ ሂሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅም እጁን አጣጥፎ ይቆማል፣ ጠላትም ያሻውን ያደርገዋል።

ይህች አንዲት ሕግ እያንዳንዱን ከባድ ውጊያ ወደ ሂሳብ ሥራ ትለውጠዋለች። አለቃው ጠላት ጥቂት ጉልበት ሲቀረው ሁሉንም ነገር በዱቤ አውጥቶ መጨረስ ይሻላል ወይስ አንድ ዙር መታገሥ? ሁለቱ ሲመቱ ሁለቱ ቢቆጥቡስ? ሐኪሙ ዕዳ ውስጥ ከገባ ነገ ማን ያድናል? በዚያ ላይ ትእዛዞቹ የተጫዋቹ ብቻ አይደሉም፤ ተቃዋሚዎቹም ይቆጥባሉ፣ ይበደራሉ። አንድ አለቃ ሁለት ዙር ዝም ብሎ ሲከላከል ያየ ተጫዋች በሦስተኛው ዙር ምን ሊወርድበት እንደሆነ ስለሚያውቅ ልቡ መምታት ይጀምራል። በእኔ አስተያየት ከጨዋታው ሁሉ እጅግ የበሰለው ክፍል ይህ ነው።

ድክመቱ የሚታየው በትናንሾቹ ውጊያዎች ነው። ደካማ ጠላት ሲመጣ አራቱንም ገጸ ባሕርያት በብሬቭ አራት አራት ጊዜ አስመትቶ በአንድ ዙር መጨረስ ይቻላል፤ ውጊያው ስላለቀም ዕዳውን የሚጠይቅ የለም። ጨዋታው እንዲያውም በአንድ ዙር ለጨረሰ፣ ምንም ሳይጎዳ ለወጣ ተጫዋች ጭማሪ ሽልማት ይሰጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጣት ያለ አእምሮ ይሠራል፤ ውጊያን በፍጥነት ማሳየትና የቀደመውን ትእዛዝ በራሱ ማስደገም መቻሉም ሠሪዎቹ ይህን አስቀድመው እንዳወቁት ያስረዳል።

ሙያዎቹ ስንት ናቸው? ሁሉንም መሰብሰብ ያስፈልጋል?

24 ናቸው። ከጀማሪው ሙያ በቀር እያንዳንዳቸው አስቴሪስክ በሚባል ዕንቁ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዕንቁውን የያዘውን ባላጋራ ያሸነፈ ሙያውን ይወርሳል። አካሄዱ ብልህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሙያ ምን ማድረግ እንደሚችል ተጫዋቹ አስቀድሞ በገዛ ቆዳው ላይ ስለሚማረው ነው። በሌባው ዕቃውን የተነጠቀ ተጫዋች ሌባነትን ሲወርስ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ሁሉንም መሰብሰብ ግዴታ አይደለም፤ በርካታዎቹም ከዋናው መንገድ ወጣ ባሉ ታሪኮች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን የጨዋታው ጣዕም ያለው በመቀላቀሉ ላይ ስለሆነ የዘለለ ሰው ራሱን ይጎዳል። አንድ ገጸ ባሕርይ ዋና ሙያ ይይዛል፣ የሌላ ሙያ ትእዛዞችን ይደርባል፣ ከዚያም ከየትኛውም ሙያ የተማራቸውን ደጋፊ ችሎታዎች ይጨምራል። ለምሳሌ ኒንጃ የሚመጣበትን ምት እንደሚያመልጥ የሚያረጋግጥ ችሎታ አለው፤ ቀይ አስማተኛ ደግሞ ምት ባመለጠ ቁጥር አንድ ቢፒ የሚያስገኝ ችሎታ ያስተምራል። ሁለቱን ያጋጠመ ተጫዋች ጠላት በመታው መጠን የሚበለጽግ ተዋጊ ይኖረዋል። እንዲህ ያለውን መገጣጠም በራሱ የደረሰበት ሰው ደስታው ልዩ ስለሆነ፣ የተዘጋጀ ዝርዝር ፈልጎ ከማንበብ በፊት ቢያንስ እስከ አራተኛው ምዕራፍ ራሱን ቢፈትን እመክራለሁ።

ሚዛኑ ግን እስከ መጨረሻው አይጸናም። ጥንዶቹ ሲበዙ አንዳንዶቹ ውጊያን ጨርሶ ትርጉም ያሳጡታል፤ ተቃዋሚው ተራ ሳያገኝ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ይህን ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ደንብን በብልሃት መስበር የሙያ ሥርዓት የሰፈነባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ሽልማት ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ይልቅስ የሚያስከፋኝ እንደ ነጋዴ ያሉ ጥቂት ሙያዎች ጥሩ ሐሳብ ይዘው ሳለ ለረጅም ጊዜ የሚያስጠጋ ጥቅም የሌላቸው መሆኑ ነው።

ደረጃ ለማሳደግ ብቻ ለሰዓታት መዋጋት ግድ ነው?

አይደለም። በዚህ ረገድ ጨዋታው በዘመኑ ከነበሩት ብዙዎቹን ይበልጣል። መንገድ ላይ ጠላት የሚመጣበትን መጠን ተጫዋቹ ራሱ ይወስናል፤ ጨርሶ ማጥፋትም፣ ከመደበኛው እጥፍ ማድረግም ይቻላል። ልምድ መሰብሰብ የፈለገ እጥፍ አድርጎ ለግማሽ ሰዓት ይዋጋል፣ ከዚያ አጥፍቶ ዋሻውን በሰላም ያቋርጣል። የክብደቱ ደረጃም ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ተብሎ የተከፈለ ሲሆን በማንኛውም ሰዓት ይለወጣል፤ በአንድ አለቃ ላይ ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ሰው ዝቅ አድርጎ አልፎ መልሶ ከፍ ቢያደርግ የሚቀጣው የለም።

ታሪኩስ? ገጸ ባሕርያቱ ይወደዳሉ?

ለክሰንዳርክ በተባለው ዓለም ክሪስታሎቹ በጨለማ ይዋጣሉ፣ ምድርም ተሰንጥቃ ኖሬንዴ የተባለውን መንደር ትውጠዋለች። ከመንደሩ የተረፈው ቲዝ የተባለ እረኛ ወጣት፣ የንፋስ ክሪስታል አገልጋይ የሆነችው አኜስ፣ ትዝታው የጠፋበትና የወደፊቱን የሚናገር ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚዞረው ሪንጋቤል፣ ኢተርኒያ ከተባለው አገር የጠላት ጦር ከድታ የመጣችው ኢዴያ፣ እነዚህ አራቱ ኤሪ በተባለች ትንሽ ክንፋም ፍጡር እየተመሩ ክሪስታሎቹን ለመቀስቀስ ይነሣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ለዘውጉ አንባቢ የታወቁ ናቸው፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ የታወቁ እንዲሆኑ የተደረጉ ይመስለኛል። ጥንካሬው ያለው በሰዎቹ ንግግር ነው። በጉዞ መካከል ተጫዋቹ ከፈለገ ብቻ የሚከፍታቸው አጫጭር ጭውውቶች አሉ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ናፍቆት ያወራሉ። ኢዴያ የአባቷ ጦር የሠራውን ግፍ በዓይኗ ስታይ የሚገባት ጥርጣሬ ከዓለም ማዳኑ ወሬ ይልቅ ልብ ይነካል። በአይዘንበርግ ምዕራፍ ያለው የእርስ በርስ ጦርነትና በመርዝ የሚጫወተው የጦር ሐኪም ታሪክ ለልጆች የተጻፈ አይመስልም። በተቃራኒው አንዳንዶቹ ክፉዎች እንደ መድረክ ሰይጣን ከት ከት እያሉ የሚስቁ፣ ክፋታቸው ምክንያት የሌለው የሚመስሉ ናቸው። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከመድረሱ በፊት ይደክመዋል።

ሁለተኛው አጋማሽ አሰልቺ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ከዚህ አንሥቶ እስከ ቀጣዩ መልስ መጨረሻ የታሪኩ ምሥጢር ስለሚገለጥ፣ ሳይነገረው መጫወት የሚፈልግ ሰው ስለ ኖሬንዴ ወደሚያወራው ጥያቄ ይዝለል።

እውነት ነው። አራተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ አራቱም ክሪስታሎች ይነቃሉ፣ የብርሃን ዓምድ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ጨዋታው የተጠናቀቀ ይመስላል፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን ታሪኩ በጀመረበት በካልዲስላ ማደሪያ ቤት ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ያሉት ሌላ፣ ነገር ግን የሚመሳሰል ዓለም ውስጥ ነው። ክሪስታሎቹ እንደገና ጨልመዋል፣ እንደገናም መቀስቀስ አለባቸው። ይህ በአምስተኛው፣ በስድስተኛው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ምዕራፍ ይደገማል። ያው አራት ቤተ መቅደስ፣ ያው አራት ጠባቂ አውሬ፣ ያው ጸሎት። የመጀመሪያው መደነቅ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ነው። እኔም በሰባተኛው ምዕራፍ መሀል ላይ መጫወቻውን ዘግቼ ለሳምንታት አልነካሁትም።

ይሁን እንጂ ድግግሞሹ በጀት አልቆባቸው የተደረገ ነው የሚለው አባባል የነገሩን ልብ ይስታል። ክሪስታል ሲቀሰቀስ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል፤ ኤሪ «በቃ!» ስትል ማቆም አለበት። ዙሩ ከተደገመ ወዲህ ግን ኤሪን ባለመስማት መጫኑን የቀጠለ ሰው ክሪስታሉን ይሰብረዋል፣ የኤሪ እውነተኛ ማንነትም ያን ጊዜ ይገለጣል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትመራ የነበረችው ፍጡር ዓለማትን እያያያዘች ለሌላ ጌታ መንገድ የምትጠርግ ናት። ጠላት ተብለው የተገደሉት የኢተርኒያ ሰዎችም ይህን ለማስቆም ይታገሉ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው አራት ጊዜ «እሺ» እያሰኘ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ትእዛዝ ስለተሰጠህ ብቻ የምትሠራው እስከ መቼ ነው? የርዕሱ «ብሬቭ» የሚያመለክተው ይህንን እምቢ የማለት ድፍረት ጭምር ነው።

በዚህ ላይ ርዕሱ ራሱ ቅኔ ነው። ከስሙ ሥር የተጻፈው ንዑስ ርዕስ ሰሙ «ፌሪዋ (ክንፋሟ ፍጡር) የምትበርበት» ነው። በእንግሊዝኛው «ፌሪ» እና «ፍላይስ» ከሚሉት ቃላት መነሻቸው ላይ ያለችው ኤፍ ስትወድቅ የሚቀረው «ኤሪ ላይስ» ነው፤ ወርቁም «ኤሪ ትዋሻለች» ይሆናል። ይህ በጨዋታው መጀመሪያ ስክሪን ላይ በትልቁ ተጽፎ ሳለ ከስልሳ ሰዓት በላይ ሳያስተውሉት መጫወት እንደሚቻል ሳስብ፣ ሰሚውን በሰሙ አዘናግተው ወርቁን ከፊቱ የሚደብቁ የቅኔ ሰዎች ቢያዩት ይወዱት ነበር እላለሁ።

ታዲያ ጥሩ ሐሳብ አሰልቺ ሰዓታትን ይክሳል? በእኔ ሚዛን በከፊል ብቻ። እምቢ እንድንል የሚገፋን ሐሳብ እንዲሠራ መደጋገሙ ግድ ነበር፤ አንድ ዙር ብቻ ቢሆን ማንም መጠርጠር አይጀምርም ነበር። አራት ዙር ግን ከሚገባው በእጥፍ ይበልጣል። ከዚያም የባሰው፣ ድፍረቱን አግኝቶ ክሪስታሉን የሰበረ ተጫዋች የሚሸለመው አጭሩን መጨረሻ ነው። ሙሉውን እውነት የሚያየው እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ድረስ የታዘዘው ነው። ጨዋታው እምቢተኝነትን ሰብኮ ታዛዥን የሚሸልም ሆኗል፤ ትልቁ ስሕተቱ ድግግሞሹ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ድግግሞሹን ቶሎ ለማለፍ ምን ማድረግ ይሻላል?

ክሪስታሎቹን ለመቀስቀስ ብቻ ከሆነ የጠላት መምጣትን ማጥፋት፣ በመርከቧ በቀጥታ ወደየቤተ መቅደሱ መብረር፣ ጠባቂዎቹንም በአንድ የተዘጋጀ የሙያ ጥንድ መጨረስ በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር እንደ መጀመሪያው አይረዝምም። ለታሪኩ የሚጨነቅ ሰው ግን በየዓለሙ ያሉትን የአስቴሪስክ ባለቤቶች ፈልጎ ቢገጥማቸው የሚሻል ነው። በየዓለሙ ንግግራቸውና ዕጣቸው ይለያያል፤ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በቡድን ሆነው ስለሚመጡም እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉባቸው ብልሃቶች ከጨዋታው ምርጥ ውጊያዎች ይመደባሉ። የሚገርመው ነገር አማራጩ ክፍል ከግዴታው ክፍል ይበልጣል።

አጭሩን መጨረሻ ያየ ሰው መዝገቡን መልሶ ከፍቶ ወደ ረጅሙ መሄድ ይችላል። በመጨረሻው ውጊያ ላይ የ3ዲኤሱ የፊት ካሜራ የተጫዋቹን ፊት በስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ለምን እንደሚያሳይ እዚህ አልናገርም፣ ነገር ግን በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚጫወት ሰው መብራት አብርቶ ቢጠብቅ መልካም ነው።

የኖሬንዴን መንደር መልሶ መገንባት ያለ ሌሎች ተጫዋቾች ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ቀስ ብሎ። የመንደሩ ግንባታ የሚቆጠረው በእውነተኛ ሰዓት ነው፤ መጫወቻው ተከድኖ በእንቅልፍ ላይ ሳለም ሥራው ይቀጥላል። ነዋሪ በበዛ ቁጥር ሥራው ያጥራል፤ በአንድ ሰው እጅ ሰዓታት የሚፈጀውን ብዙ ሰው ሲረባረብበት በደቂቃዎች ያልቃል፤ ነገሩ ደቦ ነው ማለት ይቻላል። ነዋሪዎቹ የሚገኙት ስትሪትፓስ በሚባለው የ3ዲኤስ አሠራር፣ ማለትም ሌላ 3ዲኤስ የያዘ ሰው በመንገድ ላይ አጠገብ ሲያልፍ ነበር። በቶኪዮ ባቡር ውስጥ ይህ ድንቅ ሐሳብ ነው። ሌላ ባለ 3ዲኤስ በማይገኝበት ከተማ ግን በጣት ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር መንደር መገንባት ይሆናል። በኢንተርኔት ነዋሪ መጋበዝ የሚቻልበት መንገድ ችግሩን ያቃልል ነበር፤ የ3ዲኤስ የኢንተርኔት አገልግሎት ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ስለተቋረጠ ግን እሱም የለም። ከመንደሩ የሚገኙት ልዩ የጦር መሣሪያዎችና ለልዩ ምት የሚያገለግሉ ክፍሎች ጠቃሚ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ግን ጨዋታውን መጨረስ ይቻላል።

በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጥ ነገር አለበት?

በ3ዲኤሱ እትም ነበረበት። መጫወቻው ለረጅም ሰዓት ተከድኖ ሲቆይ ኤስፒ የሚባል ነጥብ ይጠራቀማል፤ አንዷን ነጥብ ያወጣ ተጫዋች በውጊያ መሀል ጊዜን አቁሞ ተጨማሪ ምት ይሰነዝራል። መጠበቅ ያልፈለገ ሰው ነጥቡን የሚሞላ መጠጥ በገንዘብ መግዛት ይችል ነበር። ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት በተገዛ ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጨመሩ ነውር ነው፤ ደግነቱ ያለ እሱ የማይታለፍ ውጊያ የለም። የ3ዲኤስ የኢንተርኔት መደብር በማርች 2023 ከተዘጋ ወዲህ ግዢው ራሱ ቀርቷል።

ሥዕሉና ሙዚቃው እንዴት ነው?

ገጸ ባሕርያቱን የነደፈው አኪሂኮ ዮሺዳ ነው። ከተሞቹ እንደ ተረት መጽሐፍ ሥዕል በእጅ የተሣሉ ናቸው፤ ተጫዋቹ ለጥቂት ጊዜ እጁን ከቁልፎቹ ሲያነሣ እይታው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እየሸሸ ከተማዋን በሙሉ ያሳያል። በበረሃ ላይ በትልልቅ ጥርሳም ጎማዎች የተሠራችውን አንካይምን፣ በአበባ የተሞላችውን ፍሎሬምን እንዲህ ቆሞ ማየት ብቻውን ደስ ይላል። ዋሻዎቹና ቤተ መቅደሶቹ ግን ይህን ዕድል አላገኙም፤ ግድግዳቸው አንድ ዓይነት፣ መንገዳቸው ባዶ ነው፣ አምስት ጊዜ መመላለስ ሲመጣ ደግሞ ባዶነቱ ይበልጥ ይታወቃል።

ሙዚቃው የሬቮ ነው፤ ሳውንድ ሆራይዘን የተባለውን የሙዚቃ ቡድን የሚመራው ሰው ነው። ከቅንብሩ ይልቅ እኔን የማረከኝ ከውጊያው ጋር የተጋመደበት መንገድ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ልዩ ምቱን ሲጠቀም የራሱ ዜማ ይጀምራል፤ ምቱ ያመጣው ብርታትም የሚቆየው ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ነው። ተጫዋቹ ሳያውቀው በሙዚቃው ርዝመት መዋጋት ይጀምራል። የእንግሊዝኛው የድምፅ ትወና አንዳንድ ቦታ ስለሚያሰለች ድምፁን ወደ ጃፓንኛ መለወጥ እንደሚቻል ማወቅ ይጠቅማል።

ለልጆች ይሆናል? እንግሊዝኛውስ ይከብዳል?

በአሜሪካ ለአሥራዎቹ ዕድሜ፣ በአውሮፓ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ተመድቧል። ደም የሚያፈስ ምስል የለውም፤ ነገር ግን ጦርነት፣ ሞትና አንዳንድ ገላን የሚያሳይ አለባበስ አለ። ከጃፓን ሲወጣ ከልብሶቹ ጥቂቶቹ ተሸፍነዋል፣ የአንዳንድ ገጸ ባሕርያት ዕድሜም ከፍ ተደርጓል። አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛው መካከለኛ ሲሆን ንባቡ ብዙ ነው፤ ሆኖም ጽሑፉ አዝራር እስኪጫኑ ድረስ ስለሚጠብቅ፣ ውጊያውም ስለማይቸኩል፣ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ቋንቋውን ለሚለማመድ ወጣት ከተኩስ ጨዋታዎች የተሻለ አስተማሪ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊልክልኝ ነው፤ የ3ዲኤሱን ነው የምጠይቀው ወይስ የስዊች 2ቱን?

ጨዋታው በምስል ጥራት ታድሶ ጁን 5 ቀን 2025፣ ስዊች 2 የተባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ በወጣበት ዕለት አብሮ ወጥቷል። የታሪክ ትዕይንቶችን ማፋጠን መቻሉ ለድግግሞሹ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የኖሬንዴ ግንባታም በኢንተርኔት እንደገና ሕይወት አግኝቷል። ይሁን እንጂ በመደብር የሚሸጠው ካርድ ቁልፍ ብቻ የያዘ ስለሆነ ጨዋታው ራሱ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ዳታ በጥቅል ገዝቶ የሚጠቀም ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት፤ ከተቻለ ላኪው እዚያው አውርዶ ቢልከው ይሻላል።

የ3ዲኤሱ እትም ያለ ምንም ማውረድ ከካርትሪጁ ይነሣል። አደጋው ሌላ ነው፤ 3ዲኤስ በአህጉር የተከፋፈለ መሣሪያ በመሆኑ ከአሜሪካ የመጣ 3ዲኤስ በጀርመን ወይም በእስራኤል የተገዛ የአውሮፓ ካርትሪጅ አያነብም። አጎት ከዋሽንግተን መሣሪያውን፣ አክስት ከፍራንክፈርት ካርትሪጁን ከላኩ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ከአንድ ወገን ማስመጣት ግድ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው የ3ዲኤስ ቻርጀርም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። በ220 ቮልት ሶኬት ላይ በቀጥታ ከመሰካት ይልቅ በዩኤስቢ የሚሞላበትን ገመድ አብሮ ማዘዝ ይበጃል። የመጀመሪያው 3ዲኤስ ባትሪ ለ3ዲኤስ ጨዋታዎች ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሚቆይ ሲሆን የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ ወደ አምስቱ ያስጠጋዋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ጨዋታው በየቦታው እየመዘገበ እንዲሄድ የሚያደርገውን ምርጫ ገና ከመጀመሪያው ማብራት ነው።